የቆዩ ዲጂታል ፎቶግራፎችን ወደ ጥቁርና ነጭ ምስል መለወጥ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

የቆዩ ዲጂታል ፎቶግራፎችን ወደ ጥቁርና ነጭ ምስል መለወጥ ጥራታቸው ዝቅ ያሉ ምስሎችን ዳግም ለአገልግሎት ለማብቃት የሚረዳ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ያለ ጥንቃቄ ከተከናወነ በቀለም ላይ የተመሠረተ ማስረጃ በማይመለስ ሁኔታ ይጠፋል።

ጉዳዩ እንደ መካነ ብርሃን ላሉ አካባቢዎች ልዩ ትርጉም አለው። ከተማዋ የምትገኝበት የሰሜን ጎንደር ዞን ጃናሞራ ወረዳ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ከሚያዋስኑ ወረዳዎች አንዱ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል። ዲጂታል ካሜራ የፊልም ካሜራን የተካውም በእነዚሁ ዓመታት መካከል ነው።

የዚያ ዘመን ካሜራዎች በደብዛዛ ብርሃን ሲያነሡ በምስሉ ላይ የተዘበራረቁ የቀለም ነቁጦች ይፈጥሩ ነበር። ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ እነዚህ ነቁጦች ቀለማቸውን አጥተው የፊልም ሸካራነት ይመስላሉ፤ የተዛባ ቀለምም ከዕይታ ይወገዳል።

እያንዳንዱ የምስል ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የያዘ ነው። በስፋት በሚሠራበት ስሌት ከቀዩ 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው ደግሞ 11 በመቶ ተወስዶ አንድ ግራጫ ይገኛል፤ የአረንጓዴው ድርሻ የበዛው የሰው ዓይን ለዚህ ቀለም ይበልጥ ንቁ በመሆኑ ነው። ባለሙያው ድርሻውን መለወጥ ይችላል። የቀዩ ድርሻ ከፍ ሲል ሰማያዊው ሰማይ ይጠቁራል፣ ደመናውና ገደሉም ጎልተው ይወጣሉ።

በአንጻሩ የወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ የደረት ቅላት በመንጋው ውስጥ ያለውን ደረጃ የሚያመለክት ሲሆን፣ በግራጫ ምስል ላይ ግን ይህ ምልክት አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ ላይ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ እንደታየው ዓይነት የተቃጠለ መሬትም ከተራራ ጥላ ጋር ሊምታታ ይችላል። ለምለም ሣርና የደረቀ ሣርም ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለሆነም የግጦሽ መሬትን ይዞታ ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር የሚያገለግለው ባለቀለሙ ምስል ብቻ ነው።

በመሆኑም ፎቶግራፍ የሚያስቀምጡ መሥሪያ ቤቶች ሥራውን ምንጊዜም በቅጂ ላይ ማከናወንና ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ለብቻው ማኖር ይጠበቅባቸዋል። በጄፔግ የተቀመጠ ምስል ታርሞ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ የታረመውን ቅጂ በቲፍ ማስቀመጥ ይመረጣል። ከምስሉ ሥር የተነሣበት ዘመንና ወደ ጥቁርና ነጭ የተለወጠ መሆኑ ካልተገለጸ፣ የቅርብ ጊዜው ፎቶግራፍ የጥንት ተደርጎ ሊወሰድና ለሚቀጥለው ትውልድ የተዛባ መረጃ ሊተላለፍ ይችላል።