ውድ ማዘርቦርድ ለደጋው ነጋዴ ይበጃልን?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ከተሞች ኮምፒዩተር ከንግድ መሣሪያዎች አንዱ ከሆነ ሰንበት ብሏል። በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ማመልከቻና ውል ይጽፍበታል፤ የፎቶግራፍ ባለሙያውም ጉርድ ፎቶ ያትምበታል፣ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል። ይህ መሣሪያ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ድንገት ቢበላሽ ባለቤቱ የሚያጣው የጥገናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ዋና ገቢና የደንበኞቹን እምነት ጭምር ነው። ስለሆነም ዕቃው በሚገዛበት ጊዜ የሚደረገው ምርጫ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም።

ከኮምፒዩተር ክፍሎች መካከል ገዢዎችን ብዙ የሚያከራክረው ማዘርቦርድ ነው። ይኸውም ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪው፣ ዲስኩና የቀረውም ሁሉ የሚሰካበት፣ ኃይልም መልእክትም የሚተላለፍበት ሰሌዳ ነው። ኢንቴል ኩባንያ በ1987 ዓ.ም. ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ልክ ቁመቱ 30.5፣ ወርዱ 24.4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህ ሰሌዳ ሲበላሽ ሌላው ክፍል ሁሉ ደኅና ቢሆንም ሥራው ይቆማል። ብዙ ባለንብረቶች «በጣም ውዱን ልግዛና ልረፍ» የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የዋጋው ልዩነት ግን ትንሽ አይደለም። በውጭ አገር ገበያ መካከለኛው ማዘርቦርድ ከ100 እስከ 200 ዶላር ሲሸጥ ከፍተኛ የሚባለው 500 ዶላርና ከዚያም በላይ ያወጣል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመደረጉ አስቀድሞ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ስለ ነበረ፣ የ500 ዶላሩ ሰሌዳ በብር ሲታሰብ 28,500 ያህል ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ዶላሩ ከ100 ብር በማለፉ ያው ዕቃ፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት፣ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ የሚገዛውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

በውድ ሰሌዳ ላይ እውነተኛ ጥቅም ያላቸው ነገሮች አሉ። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያስተካክሉት ክፍሎች በቁጥር ስለሚበዙ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት ጭነት ይቀንሳል፤ በላያቸውም ሙቀት የሚያወጣ ወፍራም ብረት ይደረግባቸዋል። ካፓሲተሮቹም ፈሳሽ ያለባቸው ሳይሆኑ ጠጣር ናቸው። በ1990ዎቹ ዓመታት ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች እያበጡና እያፈሰሱ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ማዘርቦርዶችን ከጥቅም ውጭ እንዳደረጉ የሚያስታውሱ ጠጋኞች ይህን ለውጥ በሚገባ ያውቁታል። ዛሬ ግን ጠጣር ካፓሲተር በመካከለኛው ሰሌዳም ላይ ይገኛል። ከዚህ ሌላ በቀለም የሚያበሩ መብራቶችና ፕሮሰሰሩን ከልኩ በላይ የሚያስሮጡ ማስተካከያዎች ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚሰጡት ጥቅም የለም።

የደጋው ባለንብረት ከሌላው ይልቅ ሊያስብበት የሚገባው የአገሩን ከፍታ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት ችሎታው አነስተኛ ነው። እርግጥ የመንዝ ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ይክሳል፤ ነገር ግን የኩበት ጭስና የመንገድ አቧራ በማራገቢያው ላይ ሲጋገር ብርዱ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ሣጥኑ በየጊዜው ተከፍቶ በደረቅ ብሩሽ መጠረግ አለበት።

በአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተራራ ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ምልክት ይታያል። ትርጉሙም ዕቃው የተፈተነው እስከዚያ ከፍታ ለሚሠራበት ቦታ ነው ማለት ነው። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን አግዶ የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ብልጭታ በቀላሉ ሊዘልበት ይችላል። ዓለም ከተማም መሐል ሜዳም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ የሁለቱም ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ይህን ምልክት ቢመለከት፣ የሚቻል ከሆነም 5,000 ሜትር የተጻፈበትን ቢመርጥ ይጠቀማል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከመስመሩ የሚመጣው 220 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ በቀጥታ አይደርስም፤ ፓወር ሰፕላዩ ተቀብሎ ወደ 12 ቮልትና ከዚያ በታች አሳንሶ ይሰጠዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚከተለውን ግፊት፣ በክረምትም መብረቅ ሲወድቅ በሽቦ የሚመጣውን ኃይል አስቀድሞ የሚቀበለው ይኸው ዕቃ ነው። እንግዲህ 50,000 ብር ለማዘርቦርድ አውጥቶ በፓወር ሰፕላይ ላይ የሚቆጥብ ሰው ጥሩ ቤት ሠርቶ በሩን በገለባ እንደ ዘጋ ይቆጠራል። መካከለኛ ማዘርቦርድ፣ ደኅና ፓወር ሰፕላይ፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስና በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ በአንድነት ቢገዙ ከአንድ ውድ ሰሌዳ ይልቅ ሥራውን ይጠብቃሉ። ነጎድጓድ ሲሰማም የኤሌክትሪኩንና የኔትወርኩን ገመድ መንቀል ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ውድነት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን በቅርቡ በዓለም ገበያ የታየው ነገር ያስረዳል። ኢንቴል በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረባቸው የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች፣ በተለይም ከፍተኛ የሆኑት፣ በብዙ ባለንብረቶች ዘንድ ሥራ በማቋረጥ አስቸገሩ። ኩባንያው ከምክንያቶቹ መካከል ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ መጠየቁንና አንዳንድ ማዘርቦርዶች ከተመከረው በላይ ኃይል እንዲሰጡ ሆነው መዘጋጀታቸውን ገልጿል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻም ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሞ ለባዮስ ማስተካከያ አወጣ።

ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲነሣ ክፍሎቹን የሚያስተዋውቅ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ይህ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ሰሌዳው ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ እድሳቱ ዩፒኤስ ሳይኖር ሊሞከር አይገባም። አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ሁለት ባዮስ አላቸው፤ ሌሎቹም ከፍላሽ ዲስክ በአንድ ቁልፍ ባዮሱን መልሶ የሚጽፍ መሣሪያ አላቸው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ተጨማሪ ዋጋ ቢከፈልበት የማያስቆጭ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ባለንብረቶችን ያለምክንያት የሚያስደነግጥ ሌላ ነገርም አለ። የኮምፒዩተሩ ቀንና ሰዓት ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲያስቸግር «ማዘርቦርዱ ሞተ» ተብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚላክበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰሌዳው ላይ ያለችው፣ ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ ማለቅ ነው። እርስዋን መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ስለ ግዢው ሥርዓት። የመንዝ ሰው በግ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ ወገቡን ዳብሶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ የተቀበለውን ዕቃ እንደ ልማዱ ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ከመሐል ሜዳ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን፣ ከዓለም ከተማም ጀማን ተሻግሮ በለሚና በሙከ ጡሪ በኩል አዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ፣ ዕቃው እዚያው ሱቁ ውስጥ ተገጥሞ ሲሠራ ሳያይ፣ የሰሌዳው መለያ ቁጥር የተጻፈበትን ደረሰኝና የዋስትና ወረቀቱን ሳይዝ ሊመለስ አይገባውም። ወረቀት የሌለው ዋስትና መንገዱን ዳግመኛ ለመምጣት እንኳ ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ ትልልቅ ቪዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚያቀናብር ባለሙያ ኃይል ማስተካከያው የበረታ ሰሌዳ ቢገዛ ገንዘቡ በከንቱ አይሄድም። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ለሚሠራው ግን መካከለኛው ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ በፓወር ሰፕላዩ፣ በዩፒኤሱና በመሬት ሽቦው ላይ ያውለው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለንግድ መሣሪያም ይሠራል።