እናት ለመሮጥ ምን ያስፈልጋታል? ከጫማ ምርጫ እስከ ግማሽ ሰዓት ነፃነት

በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ በምትገኘው ኢዲዶ የእናቶች ቀን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ ልጆችን ለትምህርት ቤት ማሰናዳት፣ እንሰት መፋቅ፣ ቡና በሚደርስበት ወቅት ደግሞ እሸት ቡና መልቀም የእነርሱ ድርሻ ነው። በዲላ ከተማ የምትኖረው እናትም ከቢሮ ወይም ከሱቅ ስትመለስ ቤት ውስጥ ሌላ የሥራ ፈረቃ ይጠብቃታል። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት «ስፖርት ሥሪ፣ ሩጫ ጀምሪ» የሚለው ምክር የቅንጦት ወሬ ሊመስላት ይችላል።

ይሁን እንጂ በዚህች አገር እናትነትና ሩጫ ለየቅል ሆነው አያውቁም። በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር በማሸነፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፣ ልጅ ከወለደች በኋላ ወደ ውድድር ተመልሳ መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም በሲድኒ በዚያው ርቀት ሁለተኛ ወርቋን አጥልቃለች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም ወልዳ በነሐሴ 2008 ዓ.ም በሪዮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች።

እነዚህ አትሌቶች አሠልጣኝ፣ ክለብና ሐኪም ከጎናቸው ነበሩ። የኢዲዶዋ ወይም የዲላዋ እናት ጥያቄ ግን ሜዳሊያ ሳይሆን ጤና ነው፤ ያላት ጊዜ አጭር፣ የምታወጣው ገንዘብም ውስን ነው። ስለዚህ የትኛው ዕቃ በእርግጥ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ሊቀር እንደሚችል ለይቶ ማወቁ ጠቃሚ ነው። ያለ ቦታው የወጣ ገንዘብ ለቤተሰብ ኪሳራ ሲሆን፣ ያለ ጊዜው የተጀመረ ሩጫም በእናት አካል ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ከዕቃው በፊት ሰውነት

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ መካከለኛ ከሚባለው፣ ሩጫ ደግሞ ጠንካራ ከሚባለው ይመደባል። ከዚህ አንጻር የኢዲዶን ዳገትና ቁልቁለት በየዕለቱ በእግሯ የምትወጣና የምትወርድ አርሶ አደር እናት የእንቅስቃሴ እጥረት አለባት ማለት አይቻልም። እርሷን ይበልጥ የሚመለከታት የእግርና የወገብ ጥበቃ ነው። ሩጫው ይበልጥ የሚያስፈልጋት ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጣ ለምትውለው የከተማ እናት ነው።

ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በእርግዝናና በምጥ ወቅት ማሕፀንን፣ የሽንት ፊኛንና አንጀትን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ይሳሳባሉ፣ ይላላሉም። ሩጫ ደግሞ እግር መሬት በነካ ቁጥር ከሰውነት ክብደት በላይ የሆነ ጫና ወደ እነዚህ ጡንቻዎች ይልካል። ጡንቻዎቹ ሳይጠነክሩ መሮጥ ሽንት ያለፈቃድ እንዲያመልጥ ሊያደርግ፣ የማሕፀን መውረድንም ሊያባብስ ይችላል። ከባድ ሸክም ለምትሸከም የገጠር እናት ይህ አደጋ ይበልጥ ያሳስባል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያወጡት መመሪያ አንዲት እናት ከወለደች 3 ወር ሳይሞላት ሩጫ እንዳትጀምር ይመክራል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እርምጃ ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን ቀስ በቀስ የሚጨምር መሆን አለበት። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ ቁስሉ በሚገባ መዳኑን በጤና ባለሙያ ማረጋገጥ ይኖርባታል።

ሦስት ወር ስለሞላ ብቻ ሰውነት ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ለመለየት የሚረዱ ቀላል ሙከራዎች አሉ። እናቲቱ ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብላ መራመድ፣ በአንድ እግሯ ለ10 ሰከንድ መቆም፣ በአንድ እግሯም 10 ጊዜ መዝለል ትሞክር። በዚህ ጊዜ ሽንት ካመለጣት፣ ከታች የመክበድ ወይም የሆነ ነገር የመውረድ ስሜት ካደረባት፣ ደም ካየች ወይም ሕመም ከተሰማት ሩጫውን አቆይታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባታል። ችግሩ ሊታከም የሚችል እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ጫማ፦ የድሮው ላይበቃ ይችላል

ብዙ እናቶች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እርግዝና እግርን ሊያሰፋ ይችላል። በእርግዝና ወቅት የሰውነት ክብደት ይጨምራል፣ የመገጣጠሚያ ጅማቶችም ይላላሉ። በዚህ ምክንያት የውስጥ እግር ቅስት ዝቅ ይላል፣ እግሩም ይረዝማል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ለውጡ ከወሊድ በኋላም አይመለስም። ስለዚህ ከእርግዝና በፊት የተገዛ ጫማ ጣትን እያጠበበ ጥፍር ሊያጠቁርና እግር ሊልጥ ይችላል። አዲስ ከመግዛት በፊት እግርን እንደገና መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመለኪያው ዘዴ ቀላል ነው። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ የሚሞከረው ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ፣ ለሩጫ የሚደረገው ካልሲ ተደርጎ ነው። ቆመው ሲለኩት ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍት ቦታ ሊተርፍ ይገባል። ተረከዝ ሲራመዱ መንሸራተት የለበትም። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ የሚመረጠው ለትልቁ የሚሆነው ነው።

አዲስ የሩጫ ጫማ ውድ በመሆኑ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ሰልቫጅ ያዞራሉ። ልባሽ ጫማ መግዛት ነውር የለውም፤ ነገር ግን አይቶ መምረጥን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ጫማውን ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት ያስፈልጋል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በሌላ ሰው አረማመድ የተበላ ነው። ቀጥሎ በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ ነው፤ ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ ወገቡ ላይ አይደለም። በመጨረሻም በሶሉ ጎን ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት መጫን ነው። ከተጨነቀ በኋላ ተመልሶ የማይነሳ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ከሆነ ላዩ ምንም ቢያምር ዕድሜው አልቋል።

የሩጫ ጫማ ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ኪሎ ሜትር የምትሮጥ እናት በዓመት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። ስለዚህ አንድ ጥሩ ጫማ ዓመት ያህል ያቆያታል ማለት ነው። ዕድሜውን ለማራዘም ለሩጫ ብቻ መጠቀም፣ ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ በውስጡ የጋዜጣ ወረቀት ወትፎ ጥላ ሥር ማድረቅ ይበጃል። በዝናብ ወራት እንደሚለመደው ከምድጃ ዳር ማድረቅ ግን ማጣበቂያውን ያስለቅቃል፣ ስፖንጁንም ያደርቃል።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የሚያነሱ አይጠፉም። ይኸው አበበ በ1957 ዓ.ም በቶኪዮ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው። ከዚህም በላይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር በተሸፈኑ የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ ለተባለው የእግር እብጠት በሽታ ያጋልጣል። በሽታውን መከላከል የሚቻለው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ነው። የማትሮጠው አርሶ አደር እናትም ብትሆን በማሳ ውስጥ ጫማ ሊኖራት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኮንጎ ጫማ ለማሳና ለጭቃ ያገለግላል፤ የእግር ኮቴን ጫና ስለማይቀንስና ላብ ስለሚያጠራቅም ግን ለሩጫ አይሆንም።

ጡት ማስያዣ፦ የተረሳው ዕቃ

ስለ ሩጫ ዕቃ ሲነሳ ሁሉም ጫማን ያስባል። ለምታጠባ እናት ግን የስፖርት ጡት ማስያዣ ከጫማው ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ዕቃው ራሱ የተፈለሰፈው በሴቶች ችግር መነሻነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ሊሳ ሊንዳል የተባለች ሯጭ ከፖሊ ስሚዝና ከሂንዳ ሚለር ጋር ሆና ለወንድ ስፖርተኞች የተሠሩ ሁለት መደገፊያዎችን በመገጣጠም የመጀመሪያውን የስፖርት ጡት ማስያዣ ሰፍተዋል። ከዚያ በፊት ሴቶች የሚሮጡት በተራ ጡት ማስያዣ ነበር።

ጥሩ ጡት ማስያዣ ክብደቱን የሚሸከመው በትከሻ ማንገቻው ሳይሆን ደረትን በሚዞረው ሰፊ ቀበቶ ነው። በቀበቶው ሥር ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከሰፋ ላልቷል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ያጠብቃል። ለምታጠባ እናት እጅግ የጠበቀ ጡት ማስያዣ የወተት መተላለፊያን ሊዘጋና ጡት እንዲቆስልና እንዲያብጥ ሊያደርግ ይችላል። የስፖርት ማስያዣ ያላገኘች እናት ሁለት ተራ ጡት ማስያዣዎችን ደርባ መልበስ ትችላለች። ከሩጫ በፊት ማጥባት ጡቱን ያቀልላል፤ ከሩጫ በኋላም በላብ የራሰውን ወዲያው መቀየር ይገባል።

«የሮጠች እናት ወተቷ ይበላሻል» የሚለው አባባል በጥናት የተደገፈ አይደለም። መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ የወተትን መጠንም ሆነ የሕፃኑን ዕድገት አይቀንስም። የሚያስፈልገው በቂ ምግብና ውኃ ነው።

ልብስና መንገድ

ለሩጫ ልዩ ልብስ የግድ አይደለም። ሰፋ ያለ ቱታና ቀለል ያለ ካናቴራ ይበቃሉ። እንደ አካባቢው ልማድ ከሱሪ በላይ ቀሚስ ወይም ጉርድ መደረብ፣ ሻሽ ማሰርም ሩጫን አያግድም። ካልሲ ላይ ግን ልዩነት አለ። የጥጥ ካልሲ ውኃና ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግርን ይልጣል፤ ከተቻለ ላብ ቶሎ የሚደርቅለትን መምረጥ ይሻላል።

ጊዜ የሌላት እናት ብዙውን ጊዜ የምትሮጠው በማለዳ ነው። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከባድ መኪኖች፣ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ይበዙባታል። ስለዚህ ነጭ ወይም ደማቅ ልብስ መልበስ፣ ተሽከርካሪውን ፊት ለፊት እያዩ በመንገዱ ግራ በኩል መሮጥ፣ ብቻ ከመውጣት ይልቅ ከጎረቤት ጋር ተጣምሮ መውጣት ተገቢ ነው። የጆሮ ማዳመጫ በዚህ ሰዓት ቢቀር ይመረጣል።

ሕፃን አዝሎ መሮጥ ፈጽሞ አይመከርም። የሕፃን አንገት ገና ስላልጠነከረ የሩጫውን ንዝረት አይችልም። ከሕፃን ጋር መራመድ ግን ይቻላል።

ያለ ዋጋ የማይገኘው ዕቃ

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተሟልተው አንድ ነገር ከጎደለ ሩጫው አይጀመርም፤ እርሱም ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ልጅ የሚይዝ ባል፣ እህት፣ አማት ወይም ጎረቤት ከማንኛውም ውድ ጫማ ይበልጣል። ሁለት ጎረቤት እናቶች ተራ በተራ ቢሮጡና አንዷ የሌላዋን ልጅ ብትይዝ ነገሩ ያለ ወጪ ይፈታል።

ለዕቃው ወጪም የቆየ መላ አለ። ለቤት ዕቃ ዕቁብ የሚጥሉ ሴቶች ለጫማም ሊጥሉ ይችላሉ፤ በየወሩ አንዷ እየደረሳት በዓመት ውስጥ ሁሉም ይጫማሉ። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ለምታጠባ እናት ጡት ማስያዣው ይቀድማል፣ ጫማው ይከተላል። ሰዓት፣ የሚያምር ቱታና በጠርሙስ የታሸገ ጉልበት ሰጪ መጠጥ የኋላ ኋላ የሚታሰቡ ናቸው፤ ለግማሽ ሰዓት ሩጫ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

አጀማመሩም ቀስ ያለ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ መሥራት ይበቃል፤ ሕመም ከሌለ በየሳምንቱ የሶምሶማው ጊዜ ጥቂት ይጨመራል። በኢዲዶና በአካባቢው ዳገታማ መልክዓ ምድር ዳገቱን በእርምጃ ወጥቶ በሜዳው ላይ መሮጥ፣ ቁልቁለቱንም በዝግታ መውረድ ጉልበትንና ገና ያልጠነከረውን ሰውነት ይጠብቃል።

ለማሳ መቆፈሪያ፣ ለቡና መልቀሚያ ቅርጫት በጀት የሚይዝ ቤተሰብ የእናትን ጫማም ከዚያው መዝገብ ቢያሰፍረው ትርፉ የጋራ ነው፤ የቤቱ ሥራ ሁሉ የቆመው በእርሷ እግር ላይ ነውና።