የሌንስ መስታወት ገበያ በማን እጅ ነበር?

የካሜራ ሌንስ ዋጋ ሲነሳ በአብዛኛው የሚጠቀሰው የፋብሪካው ስም ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ስመ ጥር የሌንስ ፋብሪካዎች መስታወቱን ራሳቸው አያቀልጡም፤ በጣት ከሚቆጠሩ አቅላጮች ይገዛሉ። አቅራቢው ጥቂት ሲሆን ገዢው ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ንግድ ታሪክ መረዳት ይቻላል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የመስኮት መስታወት ለሌንስ አይሆንም። መስታወት ሲቀልጥ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል፤ ሲቀዘቅዝም በውስጡ ሞገድ መሳይ መስመር ይቀራል። ለዚህ መላ ያገኘው ፒየር ሉዊ ጊናን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የእጅ ባለሙያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እሳት በሚችል የሸክላ ዘንግ ቅላጩን እንደ ገንፎ ማማሰል ጀመረ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ግን ቤተሰቡ ለዓመታት በምስጢር ይዞት ቆይቷል። በእንግሊዝ በበኩሉ እስከ 1845 ድረስ በመስታወት ላይ ተጥሎ የነበረው ከባድ ቀረጥና የተቆጣጣሪዎች ክትትል ሙከራን አዳጋች አድርጎት ነበር። ቻንስ ወንድማማቾች የሌንስ መስታወት ማምረት የጀመሩት ቀረጡ ከተነሳ በኋላ፣ በ1848 የጊናንን ዘዴ የሚያውቀው ፈረንሳዊ ዦርዥ ቦንታን በርሚንግሃም ሲገባ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጀርመን ነው። እስከዚያ ድረስ ብርሃንን አብዝቶ የሚያጥፍ መስታወት ቀለማትንም አብዝቶ ስለሚበትን የምስሉን ጠርዝ ማጥራት አስቸጋሪ ነበር። ኦቶ ሾት ከኧርንስት አቤና ከካርል ዛይስ ጋር በመሆን በ1884 የና ከተማ ውስጥ ላቦራቶሪ አቋቋመ፤ የፕሩሲያ መንግሥትም 60 ሺህ ማርክ ድጎማ ሰጠ። ቦሮን፣ ባሪየምና ፎስፈረስ እየጨመረ ሞከረ። በ1886 የወጣው የመጀመሪያው የዋጋ ዝርዝር 44 ዓይነት መስታወት ይዞ ነበር። በ1890 የዛይሱ ፓውል ሩዶልፍ በአዲሱ መስታወት ከመሐል እስከ ጠርዝ የጠራ ምስል የሚሰጥ ሌንስ አወጣ። ገዢዎችም ፊታቸውን ወደ የና አዞሩ።

ውጤቱ በ1914 ታየ። ጦርነቱ ሲፈነዳ እንግሊዝ ከምትጠቀምበት የሌንስ መስታወት 60 በመቶ ያህሉ ከጀርመን፣ 30 በመቶ ያህሉ ከፈረንሳይ የሚገባ ነበር፤ በአገር ውስጥ የሚመረተው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የጦር መነጽሩም፣ የርቀት መለኪያውም፣ የአየር ላይ ካሜራውም ከጠላት በሚገዛ ዕቃ ላይ የቆመ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካም በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ያው ችግር ገጠማት። የድንጋይ ኬሚስትሪ የሚያጠኑ የካርኔጊ ተቋም ሳይንቲስቶች ሮቼስተር ወደሚገኘው የባውሽ ኤንድ ሎምብ ፋብሪካ ተላኩና ከእቶኑ ሥር ሙያውን ተማሩ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ጆርጅ ሞሪ በ1930ዎቹ ላንታነም የተባለውን ብርቅ ማዕድን ያስገባ አዲስ መስታወት ሠራ፤ ኮዳክም ለገበያ አበቃው። በዚያ ዘመን ቶሪየም የተጨመረባቸው ሌንሶችም ነበሩ። ቶሪየም ጨረር አመንጪ በመሆኑ መስታወቱ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናልና አሮጌ ሌንስ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

በ1945 የና በሶቪየት ክልል ስትወድቅ አሜሪካኖች ከሾት 41 ባለሙያዎችን ወደ ምዕራብ ወሰዱ፤ ድርጅቱም በ1952 በማይንስ እቶኑን ለኮሰ። በጃፓን ኦሃራ በ1935፣ ሆያ በ1941 ተመሥርተው ነበርና ከካሜራው ኢንዱስትሪ ጋር አብረው አደጉ።

የምስጢሩ ዘመን ካለፈ በኋላ ጭንቀቱ ወደ ጥሬ ዕቃው ዞረ። በላንታነም መስታወት ውስጥ የላንታነም ኦክሳይድ ድርሻ ከክብደቱ ሲሶ በላይ ሊደርስ ይችላል። በ2010 ከዓለም ብርቅ ማዕድናት ምርት ከ95 በመቶ በላይ የያዘችው ቻይና የውጭ ሽያጭ ኮታዋን ስትቀንስ፣ ከ10 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው አንድ ኪሎ ላንታነም ኦክሳይድ በ2011 ከ100 ዶላር በላይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ዋጋው ወረደ፤ ኮታውም የዓለም ንግድ ድርጅት በ2014 ከፈረደ በኋላ በ2015 ተነሳ። ቻይና ግን ማዕድኑን ብቻ ሳይሆን በ1956 ቼንግዱ ላይ የተቋቋመውን የራሷን አቅላጭ ይዛ ከሾት፣ ከኦሃራና ከሆያ ጎን ቆማለች።