ቦቱ ለምን መንገድ ይዘጋብናል?

ጂንካ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ካውንተር ስትራይክ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ከቦት (ኮምፒውተር ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር መጫወት ግድ ነው። ስሞታው አንድ ነው፦ «የኔ ቡድን ቦት በር ላይ ተገተረብኝ!»

ማነጣጠርማ ለኮምፒውተር ተራ ሒሳብ ነው። እንዲያውም እኛ ጨዋታ ሠሪዎች ባላጋራው ቦት ሰው እንዲመስል ዓይቶ እስኪተኩስ ሩብ ሰከንድ ያህል እናዘገየዋለን፤ አልፎ አልፎም እንዲስት እናደርገዋለን።

ከባዱ አጋርነት ነው። መሀል ከተማ ባለው አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ኳስ ያንከባለለ ያውቀዋል፤ ጎበዝ አቀባይ ከኳሷ ይልቅ የአንተን ሩጫ ያያል። ቦቱም ተጫዋቹ ወዴት እንደሚያመራ ገምቶ በሩን መልቀቅ አለበት።

ደግሞ ይናገር! እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ፊር» በተባለው ጨዋታ ጠላቶቹ ሲጯጯሁ ስለሚሰማ ከሆኑት በላይ የተቀናጁ ይመስሉ ነበር። (ብልጠቱ ግማሹ ወሬ ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።) አጋር ቦት «በግራ ገባሁ» ካለ፣ ቢሳሳት እንኳ ተጫዋቹ ቦታውን ያስተካክላል።