የበቆጂው መምህርና የጽናት ትምህርት

በጂዛን ከተማ፣ በሰብያ፣ በአቡ አሪሽ፣ በሳምጣና ለየመን ድንበር በሚጠጉት ትንንሽ ከተሞች ያላችሁ ሁሉ ሙቀቱንና የባሕሩን ወበቅ እንዴት ይዛችሁታል? በዛሬው ዝግጅታችን ከዚያ ወበቅ ለጥቂት ጊዜ እናውጣችሁና ብርዱ አጥንት ወደሚሰማበት ወደ አርሲዋ በቆጂ ይዘናችሁ እንሂድ። ከመካከላችሁ የአርሲ ልጆች ብዙ ስለሆናችሁ መንገዱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የገበሬ ከተማ ናት። ዓለም ያወቃት በሯጮቿ ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ደራርቱ ቱሉ የዚህ አካባቢ ልጅ ናት። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባም እንዲሁ። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ደግሞ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆች በወንዶችም በሴቶችም ሲሰጡ አራቱንም የወሰዱት ሁለት የበቆጂ ልጆች፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ከተማ እንዴት ወጣ? አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ ያደገ ሰው ደሙ ብዙ ኦክስጅን መሸከም ይለምዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን ደጋ ላይ ያለ ከተማ ብዙ ነው። በበቆጂ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር፤ ልጆቹን ልብ ብሎ የሚያይ መምህር።

መምህሩ ማን ናቸው?

አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ ሥራ የጀመሩት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ደራርቱ ነበረች። ቀነኒሳና ጥሩነሽም በተራቸው በእጃቸው አልፈዋል። በኋላ መምህርነቱን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለአሰልጣኝነት ሰጡ። ለአሥርት ዓመታት ማለዳ ማለዳ የከተማዋን ልጆች ሰብስበው በሜዳው፣ በዳገቱና በባሕር ዛፉ መካከል ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። አብዛኞቹ ልጆች የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል ይሰለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 «የሯጮች ከተማ» የሚል ትርጉም ያለው ዘጋቢ ፊልም ስለ በቆጂና ስለ እኚሁ ሰው ተሠርቶ በብዙ አገር ታይቷል።

ሰውየው ልጅን በተፈጥሮ ተሰጥኦ ብቻ አይመዝኑም። የሚያዩት ነገም፣ ከነገ ወዲያም ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ዛሬ ከሁሉ ቀድሞ ነገ የሚቀር ልጅ ሩቅ አይሄድም። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ይህንኑ ነው።

የሃያ አምስቱ ዙር ምስጢር

አሥር ሺህ ሜትር ማለት የሜዳው ሃያ አምስት ዙር ነው። በባርሴሎና ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ፍጥነት ጨምራ ስትወጣ ደራርቱ ተከተለቻት። ከኋላዋ ሆና ጉልበቷን ቆጥባ ዙር ቆጠረች እንጂ ቶሎ ልቅደም አላለችም። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ግን ጥላት ሄደች። ከድሉ በኋላ ሁለቱ፣ ጥቁሯና ነጯ፣ አብረው ሜዳውን ዞሩ።

እህቶቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችሁ አዲስ ቤት ስትገቡ በመጀመሪያው ወር የሁለት ሰው ሥራ ትሠራላችሁ። ማዳሟ ደስ እንዲላት ከእንቅልፋችሁም ከምግባችሁም ትቀንሳላችሁ። የመጀመሪያውን ደመወዝ አንድ ሪያል ሳታስቀሩ ወደ አገር ቤት ትልካላችሁ። የሁለት ዓመት ኮንትራት ግን የመጀመሪያው ዙር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር የተጨረሰ ጉልበት በሃያኛው ዙር ከየትም አይመጣም።

ዕረፍት የልምምዱ አካል ነው

የረጅም ርቀት አሰልጣኞች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ሯጭ የሚጠነክረው በሚሮጥበት ሰዓት አይደለም። ሩጫው ጡንቻን ያደክማል፤ ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነውና ከበፊቱ የሚያበረታው ሲበላና ሲተኛ ነው። ስለዚህ ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን ይመጣል። ዕረፍት ያጣ ሯጭ ሳያስበው ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይታመማል፣ ይጎዳል።

እኛ ሴቶች ጽናት ሲባል ሁሉን ችሎ ዝም ማለት ይመስለናል። የበቆጂ ሯጮች ግን ሌላ ጽናት ያሳዩናል። ያመመውን እግር ደብቆ የሚሮጥ ልጅ ጎበዝ አይባልም፤ ለአሰልጣኙ የሚናገር ልጅ ነው ረጅም የሚሮጠው። የሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ደንብም የሳምንት የዕረፍት ቀን ይፈቅዳል። ብዙዎቻችሁ ይህን እንደማታገኙ፣ መኖሪያ ፈቃድ የሌላችሁም ደፍራችሁ መጠየቅ እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን። ቢሆንም መብት መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ዕረፍት መፈለጋችሁን እንደ ስንፍና አትቁጠሩት። መታመማችሁን ቶሎ ተናገሩ፤ የምትተኙበትን ሰዓት በተቻለ መጠን ጠብቁ፤ ውኃ ጠጡ።

ብቻውን የሚሮጥ የለም

በበቆጂ ልምምድ የሚሠራው በቡድን ነው። የደከመው ከፊቱ ያለውን ተረከዝ እያየ ይከተላል። ደራርቱ በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ፣ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በመንገድ ላይ ስትደክም ዘወር ብላ አበረታታቻት። ማበረታታቷ ድሏን አልወሰደባትም።

ከእናንተም በየመን በኩል በእግር ተጉዛችሁ የመጣችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በዚያ መንገድ ውኃ ያካፈለቻችሁን፣ እጃችሁን የያዘቻችሁን አትረሷትም። ዛሬም በአጠገባችሁ ካለው ቤት አዲስ የመጣች፣ ቋንቋው ያልገባት ልጅ ካለች ስልኳን ያዙላት፤ ሰላም በሏት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

በመጨረሻም አንድ እውነት ሳንናገር አንለያይም። በበቆጂ ሜዳ ከሮጡት ብዙ ልጆች ወርቅ ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት መምህር፣ ነጋዴ፣ እናት ሆነዋል፤ አንዳንዶቹም ምናልባት ዛሬ ይህን ጽሑፍ በጂዛን ማእድ ቤት ውስጥ ያነቡታል። የመምህሩ ድካም ግን በእነርሱም ላይ ከንቱ አልቀረም። አቅምን ማወቅ፣ ዙር መቆጠብ፣ ለነገ መትረፍ ሜዳሊያ ባይኖርም የሚሠራ ትምህርት ነው። በአገር ቤት የምታስተምሯት ታናሽ እህት ካለቻችሁም ልብ ብሎ የሚያያት መምህር እንዲኖራት ትምህርቷን አታስቋርጧት፤ በዚያው በመጣችሁበት መንገድም አታምጧት።

እህቶቻችን፣ ዙሩ ገና ብዙ ነው። ትንፋሻችሁን ጠብቁ። በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።