ልጅዎ ስንት ዩኒት ሒሳብ ይማራል?

በሐይፋ፣ ሀዳር ሰፈር፣ አንድ የቆየ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ዛሬ ማዳቴክ የተባለው ብሔራዊ የሳይንስ ሙዚየም ነው፤ ልጆች በገዛ እጃቸው እየነካኩ ሳይንስ ይማሩበታል። ድሮ ግን የቴክኒዮን የመጀመሪያ ቤት ነበር። የመሠረት ድንጋዩ በ1912 እ.ኤ.አ. ተቀምጦ ትምህርት የተጀመረው በ1924 መጨረሻ ላይ ነው።

ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ጦርነቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቋንቋ ጠብ ተነሥቶ ነበር። በ1913 ዋናው ረጂ፣ የጀርመን አይሁዶች ማኅበር፣ «ሳይንስ በጀርመንኛ ይሰጥ» አለ። መምህራንና ተማሪዎች እምቢ ብለው ሰልፍ ወጡ፣ አደሙ፤ በመጨረሻም ዕብራይስጥ አሸነፈ። ረጂ ገንዘብ ቢሰጥም፣ ልጆች እንዴት ይማሩ በሚለው ላይ ግን ማኅበረሰቡም ቃል አለው ማለት ነው።

ይህ ነገር ዛሬ የእኛን ማኅበረሰብ አባቶችና እናቶች በቀጥታ ይመለከታል። በባግሩት ፈተና ሒሳብ በ3፣ በ4 እና በ5 ዩኒት ይሰጣል። 3 ዩኒት ለባግሩት ይበቃል፤ የምህንድስናንና የኮምፒውተርን በር ሰፋ አድርጎ የሚከፍተው ግን 5 ዩኒት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ለእሱ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። ምርጫው ደግሞ በ12ኛ ክፍል አይደለም የሚጀምረው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪዎች በሐክባጻ ይመደባሉ። ታች ሐክባጻ የገባ ልጅ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ቤት የሚመጣው በዕብራይስጥ ነው። ዕብራይስጥ ለማያነብ ወላጅ አስተርጓሚው ራሱ ልጁ ይሆናል። «ምን ይላል?» ሲባል «ምንም አይደለም» ካለ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡ ሽርክናዎች አሉ። በ1990ዎቹ የተቋቋመው ፊደል የተባለው ማኅበር በትምህርት ቤትና በቤተሰብ መሀል የሚቆሙ አገናኞችን አሠልጥኗል። የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት የእስራኤል መንግሥትን፣ የአይሁድ ኤጀንሲን፣ የውጭ አገር አይሁድ ማኅበረሰቦችንና የማኅበረሰባችንን ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧል፤ ተማሪዎችም ከትምህርት ሰዓት በኋላ በትንንሽ ቡድን እንዲጠኑ አድርጓል። ሐይፋም ከአሜሪካዋ ቦስተን የአይሁድ ማኅበረሰብ ጋር ባላት የቆየ ወዳጅነት ሺሉቪም የተባለ ፕሮግራም ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ተዘርግቷል።

ኅብረት እንደሚሠራ በአገር ደረጃም ታይቷል። 5 ዩኒት ሒሳብ የሚፈተኑት በ2006 ወደ 13 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2012 ከ9 ሺህ በታች ወረዱ። ያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴር፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና ድርጅቶች አንድ ላይ ተነሡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥሩ ወርዶ ከነበረበት እጥፍ ያህል ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሽማግሌ በዚህ ኅብረት ውስጥ ቦታው የት ነው? «እኔ ሒሳብ አልተማርኩም» የሚል ብዙ ነው። ግን ሸማኔ ድሩን የሚያደራው ክሩን ቆጥሮ ነው። ብረት ሠሪ ወናፉን እያስነፋ፣ ብረቱ ምን ያህል ሲግል እንደሚታጠፍ በቀለሙ ያውቃል። ቄሶች ከአስተስርዮ 50 ቀን ቆጥረው ስግድን ያከብራሉ። ይህ ሁሉ መለካትና መቁጠር ነው። ልጅ ይህን ከአያቱ አፍ ሲሰማ፣ ሒሳብ የሌላ ሰው ሀብት ነው ብሎ አያስብም።

ሁለተኛው የሽማግሌ ሥራ መጠየቅ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ወላጆችን ይዞ፣ አማርኛ የሚችል አገናኝ አስጠርቶ፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ልጁ የትኛው ሐክባጻ ውስጥ ነው? ወደ ላይ ለመውጣት ምን ይጎድለዋል? ከትምህርት በኋላስ ማን ያስጠናዋል? መልሱ ካላጠገበ፣ ተመልሶ መሄድ ነው። ጊዜው ላለፈባቸውም ተስፋ አለ፤ ቴክኒዮን ራሱ መኺና የሚባለው የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት አለው። ግን ያ መንገድ ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። በ7ኛ ክፍል የሚጠየቅ ጥያቄ ግን ምንም አያስከፍልም።