ደመወዝ ሳይሸራረፍ ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍጋኒስታን ዋርዳክ አውራጃ 53 ፖሊሶች የወር ደመወዛቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሞባይል ስልክ ተቀበሉ። ብዙዎቹ መንግሥት ደመወዝ የጨመረላቸው መሰላቸው፤ የደረሳቸው ገንዘብ ከለመዱት 30 በመቶ ያህል ይበልጥ ነበርና። ጭማሪ ግን አልነበረም። ልዩነቱ በየወሩ በአለቆች እጅ ይቀር የነበረ የገዛ ደመወዛቸው ነው። ሙከራው ሌላም ጉድ አወጣ፦ ከክፍያው 10 በመቶ ያህሉ በስም እንጂ በአካል ለሌሉ ፖሊሶች ይወጣ ነበር።

ፖሊስ የሞባይል ባንክ ለምን ይጀምራል ቢባል፣ ስለሚታዘዝ ነው። ለምን ይቀጥላል የሚለው ነው ከባዱ ጥያቄ፤ የዋርዳኩ ሙከራም ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል።

አገልግሎቱ ኤም-ፓይሳ ይባል ነበር። ሮሻን የተባለው የስልክ ኩባንያ በኬንያው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በኤም-ፔሳ አምሳያ ያመጣው ነው። ከፖሊሶቹ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በጽሑፍ ብቻ አልተወሰነም፤ በዳሪና በፓሽቶ በድምፅም ይመራቸው ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ከቤተሰብ ጋር የተያያዘ ነው። ባንክ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ደመወዙን በጥሬው የተቀበለ ፖሊስ ገንዘቡን ለቤቱ ለማድረስ የጥበቃ ቦታውን ትቶ ለቀናት ይጠፋ ነበር። በስልክ የሚልክ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ለልጆቹ እንጀራ ያደርሳል። እንዲህ ያለውን ነገር አንዴ የቀመሰ ሰው በቀላሉ አይተወውም።

ለውጡ ያልጣማቸውም ነበሩ። አንድ አዛዥ ድርሻው ሲቀርበት የበታቾቹን ስልክና የሚስጥር ቁጥር ሰብስቦ ደመወዛቸውን ጥሬ ገንዘብ ከሚከፍለው የኤም-ፓይሳ ወኪል ሊቀበል ሞክሯል። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ቴክኖሎጂው ደመወዙን ከአለቃው እጅ ቢያወጣም፣ አለቃው አሁንም ከፖሊሱ በላይ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ላለመስጠት የሚችል ፖሊስ ብቻ ነው በአገልግሎቱ እውነተኛ ተጠቃሚ የሚሆነው።

ሙከራው ቢያምርም አገሪቱን አላዳረሰም። የአሜሪካ የአፍጋኒስታን መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ወደ 20 በመቶ የሚጠጉ ፖሊሶች ያኔም በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በተሰየሙ ሰዎች በኩል በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፈላቸውና ከደመወዛቸው እስከ ግማሽ ሊወሰድባቸው እንደሚችል አስጠንቅቋል።

በስልክ የሚያልፍ ገንዘብ ዱካ ይተዋል፤ ዱካውም በፖሊሱ በራሱ ላይ ሊመሰክር ይችላል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በተጀመረው የፖሊሶች ማጣራት፣ መርማሪዎቹ የትራፊክ ፖሊሶችን የኤም-ፔሳ መዝገብ እያገላበጡ ገንዘቡ ከየት መጣ ብለው ጠይቀዋል። ንጹሕ ደመወዝተኛን የሚያስቀጥለው መዝገብ ጉቦ የለመደውን ያሸሸዋል።

እኛም አገር ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መላክና መክፈል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ከቤተሰቡ ርቆ የተመደበ ፖሊስ ምን እንደሚፈልግ ለመገመት አይከብድም፦ ያልተሸራረፈ ደመወዝ፣ የማይቋረጥ ኔትወርክ፣ በደመወዝ ቀን ጥሬ ገንዘብ የማያልቅበት ወኪል። የፖሊስ ደመወዝ በስልክ ለመክፈል የሚያስቡ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ የሚስጥር ቁጥር መጠየቅን በግልጽ የሚከለክልና አለቃን የሚቀጣ ደንብ አውጡ።